ሲፒዩው ውስጥ ያለው ድምፅ

«ድምፁ እዚህ ውስጥ ነው» ያለው አንደኛው ነው። ሌላኛው፣ «ታዲያ አይጠፋም በለኛ» ሲል መለሰ። ከዚያ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ሲፒዩውን ስለ መክፈትና ስለ መግጠም፣ እሷ የማታውቃቸው ቃላት የበዙበት ወሬ ይዘው ቆዩ።

ለተመድህን ይህን የሰማችው ከዓመታት በፊት፣ የጦርነቱ ወሬ እንኳ ገና ሳይሸት፣ መቀሌ፣ ዓይናለም ሰፈር ባለው ቤታቸው ግቢ ልብስ ስታሰጣ ነው። የጓሮው ክፍል መስኮት ክፍት ነበር። ውስጥ የበኩር ልጇ ሔሩይ፣ ከእሱ ጋርም የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ጀላሉ ነበሩ። የትኛው የትኛውን እንደተናገረ፣ «አይጠፋም» የተባለው ከሳቁ በፊት ይሁን በኋላ፣ ዛሬ ብትጠየቅ አትምልበትም። ጆሮዋ እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ሰው ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ፣ እርጥብ ልብሱን ከነሳፋው ትቶ መስኮት ሥር ቁጭ ይል ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ሔሩይ ሄደ፤ አልተመለሰም። መርዶው የመጣው ከብዙ ሰው መርዶ ጋር በአንድ ሰሞን ነው። ያን ሰሞን ሰፈሩ ድንኳን በድንኳን ሆኖ፣ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም ነበር፤ ለቅሶ ደራሹም ለቅሶ ተቀማጭ ነው። ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ አለ። ድምፁ ግን የለም። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር መሪ ነበር፤ ጓሮው ክፍል ገብቶ እየዘመረ ሲቀዳ ከውጭ ትሰማዋለች። የሚቀዳበት ስልክ ግን ከእሱ ጋር ሄደ።

ፊቱን ዓይኗን ጨፍና ታመጣዋለች። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ፣ አንድ ቀን «እማ» ሲላት እንዴት እንደነበር ጠፋባት። ያን ቀን እግዚአብሔርን ተቀየመችው። ሳትውል ሳታድር ደግሞ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ከእሱ ጋር ተኳርፋ የት ትደርሳለች? ያ የመስኮት ወሬ ተመልሶ የመጣላት እንግዲህ ያኔ ነው። «ድምፁ እዚህ ውስጥ ነው… አይጠፋም።»

ሰው እግር ሥር የሚቆመውን የኮምፒውተር ሣጥን በሙሉ ሲፒዩ ነው የሚለው፤ እሷም የምታውቀው እንደዚያ ነው። የሔሩይ ሲፒዩ ደግሞ እጇ ላይ ነበር። በዚያ ባንኩም መንገዱም በተዘጋበት ዘመን የቤቱ ዕቃ አንድ በአንድ እየወጣ ዱቄት ሆኗል፤ ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ቁም ሣጥኑ ሄደ፣ አልጋው ሳይቀር ሄደ። ጥቁሩ ሣጥን ብቻ፣ ሔሩይ ሲመለስ ይፈልገዋል ተብሎ፣ ቀረ። ከባዱ መሣሪያ ከተማው ላይ ባጓራ ጊዜ ወደ ቁሓ፣ እህቷ ዘንድ ስትሸሽ፣ በሟቹ ባሏ በቸርነት ጋቢ ጠቅልላ አዝላው ሄደች። እህቷ ደጅ ላይ ቆማ ስታያት፣ «ሰው ዱቄት ይዞ ይሸሻል፤ አንቺ ቆርቆሮ ታዝያለሽ። በይ እሹሩሩ በይው፤ እንዳያለቅስብሽ» አለቻት። ለተመድህን ስትመለስ ሣጥኑን ከራስጌዋ አስቀመጠችው። ሰው ከነካካው ውስጡ ያለው ይጠፋል ብላ ስለምትፈራ፣ አቧራውን እንኳ ራሷ ናት የምትጠርገው።

የሔሩይ ታናሽ እህት ኣሪያም አደገች። ትምህርቷ ተቋርጦ፣ ዘግይታ ጨርሳ፣ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። አባቷ የወልድያ ሰው ስለነበር እቤት አማርኛ፣ ከደጅ ወዲያ ትግርኛ ነው አፏ። ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ራሷ ልትገጥም እንደሆነ ነገረቻት።

«ለጨዋታ?» አለች ለተመድህን።

«ለጨዋታ፣ እማ። ለቁም ነገሩማ ስንት ዓመት ኖርንበት።»

ልጇ መርዶው ከመጣ ወዲህ ከሥራ መልስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ልማድ አድርጋለች። ጨዋታም ይሁን ሌላ፣ ከግድግዳው የሚያዞራት ነገር ከተገኘ ምን ከፋ ብላ፣ ለተመድህን ዕቃ መረጣው ዕለት አብራት ሄደች።

የጀላሉ ሱቅ ዓዲ ሓቂ ገበያ ጀርባ፣ ሰው በጎኑ በሚያልፍበት ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ ነው። ጀላሉ ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ ኋላ አሮጌ ኮምፒውተር መጠጋገን ለምዶ እዚሁ የከረመ ሰው ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ወገኖቹ «ና ውጣ» ሲሉት «ደንበኛዬን ጥዬ የት ልሂድ» ብሎ ቀርቷል። ለተመድህንን «ኣደይ»፣ እናቴ፣ ነው የሚላት፤ ባያት ቁጥር ከወንበሩ ይነሳላታል።

«ለየትኛው ጌም ነው የምትፈልጊው?» አላት ኣሪያምን።

«የመኪናው ውድድር።»

«ገበያው እኮ ተኩሱ ነው።»

«ተኩስ በነፃ ጠግበናል፣ ጀላሉ።»

ጀላሉ ራሱን ነቀነቀና ከመደርደሪያው ሁለት ማራገቢያ ያለው ረጅም ካርድ አወረደ። ስዕሉን የሚያመላልሰው ይሄ እንደሆነ፣ ሌላው ሁሉ ለእሱ አጃቢ እንደሆነ ለለተመድህን ጭምር አስረዳት።

«ያኛው አጭሩስ?» አለች ኣሪያም።

«እሱን አልሸጥልሽም። ቢትኮይን ሲያስቆፍሩት የከረመ ነው፤ ነፍሱ አልቋል።»

«ምን ሲቆፍር?» አለች ለተመድህን።

«ገንዘብ፣ ኣደይ።»

ለተመድህን አጎንብሳ አየችው። «አፈር እንኳ አልነካውም እኮ።»

ኣሪያም ሳቀች። እናቷ ይህን ሳቅ ከሰማች ስለቆየች ቀና ብላ አየቻት፤ ሳቁ ግን ያኔውኑ አልቋል።

«መብራቱን የሚቀበለው ፓወር ሳፕላይ ላይ አትሰስቺ» አለ ጀላሉ። «የመቀሌ መብራት እንደ እብድ ነው፤ ሲስቅልሽ ይቆይና መምቻው አያስታውቅም። ሌላውን ሁሉ አሮጌ ውሰጂ፤ እሱን አዲስ። ኬዝ ግን የለኝም። ሣጥኑ ቦታ ስለሚይዝ ከአዲስ አበባ የሚጭንልኝ ጠፋ።»

«ግድ የለም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እሠራበታለሁ።»

«በዚህ አቧራ? ክረምት ሳይገባ ይታፈናል።»

«ይታፈን» አለች ኣሪያም።

ለተመድህን ይሄኔ ነው የተናገረችው። ከቤት ስትወጣ ጀምሮ ከአፏ ደጃፍ ቆሞ የነበረ ነገር ነው።

«ጀላሉ ወደይ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሔሩይን ሲፒዩ ባመጣልህ፣ ድምፁን ታወጣልኛለህ?»

ጀላሉ ኣሪያምን አየ። ኣሪያም የያዘችውን ገመድ መጠቅለል ጀመረች፤ የተጠቀለለውን ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው። ለተመድህን ይህን አየችና ልቧን ቅር አለው። ልጅቷ ለራሷ ጨዋታ ቸኩላ የወንድሟን ነገር የጠላች መሰላት።

«አምጪው፣ ኣደይ» አለ ጀላሉ ቀስ ብሎ። «ከፍተን እንየው።»

በማግስቱ ወሰደችው። ከሌሊት ጀምራ እህል ውኃ አልቀመሰችም፤ ጸሎቷን አድርሳ፣ ሣጥኑን በዚያው ጋቢ ጠቅልላ ባጃጅ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ኣሪያም በመንገዱ ሁሉ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ሱቁ ሲደርሱ መብራት የለም። ጀላሉ ሣጥኑን ብርሃን ወዳለበት ወደ ደጁ አውጥቶ፣ የኋላ ብሎኖቹን ፈታ፣ ጎኑን ጎተተና አነሳው።

ውስጡ ባዶ ነበር። አንድ ጥቁር ማራገቢያ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሽቦው ተንጠልጥሏል። ጥግ ላይ የሸረሪት ድር፣ ታች ደግሞ አንድ የተፈታ ብሎን። ሌላ ምንም የለም።

ለተመድህን እጇን አስገባች። እህል ያለቀበትን ጎታ ጥግ ጥጉን እንደሚዳስስ ሰው ዳሰሰችው። እጇ አቧራ ይዞ ወጣ።

«ኬዝ ብቻ ነው፣ ኣደይ» አለ ጀላሉ። «እኔው ነኝ የሸጥኩለት። ሁሉን በአንዴ መግዛት ስላልቻለ ከሣጥኑ ጀመረ። ምናልባት በኋላ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ሞልቶት ይሆናል ብዬ ነው ትናንት ዝም ያልኩት። አውፍ በይኝ።»

«ድምፁስ?»

«የምን ድምፅ?»

በመስኮት የሰማችውን ነገረችው። ልብሱን፣ ሳቁን፣ «አይጠፋም» የተባለውን። ጀላሉ ወደ መተላለፊያው መጨረሻ እያየ አሰበ፤ ቀጥሎ ፊቱ ሲለወጥ አየችው። ትዝ ባይለው በወደደ ነበር።

«ስለ ፋኑ ነበር የምናወራው፣ ኣደይ» አለ የተንጠለጠለውን ማራገቢያ እያሳያት። «በባትሪ ሞክሮት ይጮኻል ብሎ እቤት አስጠራኝ። ሞክሬ ‘ድምፁ እዚህ ውስጥ ነው’ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ‘ታዲያ አይጠፋም በለኛ’ አለኝ፤ ነጋዴ አይደለሁ፣ ዕቃዬን ላለመመለስ ስለምከራከረው ተሳሳቅን። ‘እማ ጎሕ ሳይቀድ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ናት። ድምፅ የሌለው ፈልግልኝ’ ነው ያለኝ። እኔም ቃል ገባሁለት። ከዚያ… ከዚያ ያው ነገሩ መጣ።»

ለተመድህን አላለቀሰችም። መጀመሪያ የመጣባት እፍረት ነው። በጋቢ ጠቅልላ ያዘለችው፣ ዱቄት ሳታደርገው ኣሪያምን ያስራበችበት፣ ስትተኛ እጇን የምታሳርፍበት ነገር ፊት ለፊቷ ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል። አላፊው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚያይባት መሰላት። ከእፍረቱ ኋላ ሌላው ቀስ ብሎ መጣ። ልጇ ዝምታን ሲፈልግላት ነበር፤ ዝምታውን አገኘችው።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?» አለቻት ኣሪያምን።

ኣሪያም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «ሲነሳ ቀላል ነው እኮ፣ እማ። ቁሓ በሄድን ጊዜ ደክሞሽ አንዴ ተቀብዬሽ ነበር።»

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በምትኩ ምን ልሰጥሽ?»

ጀላሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ውኃ ይዞ መጣ። ለተመድህን ጾሟን እንደሆነች ነግራው መለሰችለት፤ እሱም ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ። ከሩቅ የሆነ ጄኔሬተር ተነሳና መልሶ ጠፋ። ኣሪያም ጋቢውን ከመሬት አንስታ አራገፈችው፤ ሣጥኑን መልሳ ልትጠቀልለው ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለች እናቷ።

«ወደ ቦታው እንመልሰው፣ እማ።»

«ተይው አልኩሽ። ጀላሉ፣ ያ የመረጠችው ዕቃ እዚህ ውስጥ ይገባል?»

ጀላሉና ኣሪያም ተያዩ። «እማ፣ እኔ ይሄን አልጠየቅሁሽም» አለች ኣሪያም። «ጠረጴዛ ይበቃኛል ብያለሁ። አልጠየቅሁሽም።»

«አልጠየቅሽኝም። ይገባል ወይ ነው የምለው።»

ጀላሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ረጅሙን ካርድ አመጣና በሣጥኑ ውስጥ ለካው። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ሞከረው። ካርዱ ሄዶ ሄዶ ከፊት ለፊት ካለው የብረት መደብ ጋር ተጋጨ፤ ሁለት ጣት ያህል ተረፈ።

«ሌላው ሁሉ ይገባል። ይሄ አይገባም። ይሄ መደብ ካልተቆረጠ።»

«ምኑ ነው እሱ?»

ጀላሉ ጣቱን በመደቡ ላይ አሳለፈ። «የዲስክ መቀመጫ ነው፣ ኣደይ። ድሮ ዲስኩ ትልቅ ስለነበር እዚህ ነበር የሚገባ። ፎቶውም፣ መዝሙሩም… ሰው የሚያስቀምጠው ሁሉ እዚህ ላይ ነበር የሚሆነው። የዛሬው ትንሽ ነው፤ ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል። ስለዚህ ባዶውን ነው የሚቆመው።»

«አይቆረጥም» አለች ኣሪያም። «አጭሩን ካርድ እወስዳለሁ።»

«ነፍሱ አልቋል አልኩሽ እኮ።»

«ይለቅ። የእሱን ዕቃ አላስቆርጥም።»

ለተመድህን መደቡን እያየች ቆየች። ትንሽ ነገር ነው፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይመስላል፣ እንደ መሰላል በላይ በላዩ የተደረደረ ስስ ብረት። ልጇ ዕድሜ ቢያገኝ ኖሮ እዚያች ላይ የሆነ ነገር ያስቀምጥ ነበር፤ አላስቀመጠም። ይህን ለራሷ አንዴ አለችው፤ ቀጥላ ደግማ አለችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልቀለለም። ኣሪያም ጋቢውን ደረቷ ላይ ታቅፋ ፊቷን ወደ ሱቁ ግድግዳ አዙራለች፤ እቤት እንደምትተኛው። እናትየዋ ይህንንም አየች።

«ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?» አለች።

«ብዙም አይወስድ። መብራት ስለሌለ ግን በእጅ መጋዝ ነው። ስሱ ብረት ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ሰው ከወዲያ በኩል አጥብቆ ካልያዘልኝ ይጣመማል። ሠራተኛ የለኝም ዛሬ።» ወደ ኣሪያም ዞረ።

«እኔ አልይዝም» አለች ኣሪያም ሳትዞር። «ሌላ ሰው ፈልግ።»

ጀላሉ መጋዙን ከመደርደሪያው አወረደ። ከጎረቤቱ ሱቅ ሰው ልጥራ ይሁን ሥራውን ልተው ቸግሮት፣ በመጨረሻ ለተመድህንን አየ። «ኣደይ፣ አንቺ ከፈቀድሽ ነው። ይቅር ካልሽም ይቀራል።»

ለተመድህን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አጠበቀች። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ ከሣጥኑ ወዲያ በኩል ተቀመጠችና አማተበች።

«የት ጋ ነው የምይዝልህ?» አለችው።