ባዳ የማታውቅ ሴት

«ይቺ ደግሞ የማን ወገን ናት?» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ።

ጭምቷ ቀና አለች። የነርስ ነጭ ጫማ ያደረገች ሴት በሩ ላይ ቆማ እንባዋን በመሃረብ ትጠርጋለች። አላወቀቻትም። ከእናታቸው ቀብር ወዲህ እንዲህ ነው፤ ዘመድ ሲወጣ የማያውቁት ሰው ይገባል። ወንድሟ ለእያንዳንዱ ወንበር እያቀረበ በዓይኑ «ማን ነው?» ይላታል፤ እሷም በትከሻዋ «እኔ እንጃ» ትለዋለች።

«ጭምቷ» ብላ የጠራቻት እናቷ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአፏ ቃል የሚወጣው በስንት ልመና ነበር። እናቷ ግን የተገላቢጦሽ ነበረች። ትንሽ ፎቶ ቤት ነበራት። ለመታወቂያ ሊነሳ የመጣ ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ሲቀመጥ፣ ካሜራዋን ትታ ወሬ ትጀምራለች። «ይሄን ኮሌታ ማን ነው የተኮሰልህ? አንተማ አይደለህም!» ሰውየው ፈገግ ሲል ቀጭ! ሱቋን ዘግታ ስትወጣም ይሄ አመሏ አይለቃትም። በሰልፍ ላይ፣ በሊፍት ውስጥ፣ በሐኪም ቤት ወንበር ላይ፣ አጠገቧ ያለውን ሰው ሳታናግር አትውልም።

አንድ ጊዜ፣ ጭምቷ ገና ተማሪ ሳለች፣ ትልቅ መስታወት ያቀፈ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ፊታቸው ቆመ።

«ወንድሜ፣ ሲወርዱ አደራ፤ ሁላችንም እዚያ ውስጥ ነን፣ ይዘውን እንዳይሄዱ» አለችው እናቷ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ጭምቷ ግን በሃፍረት ፊቷን ቦርሳዋ ውስጥ ቀበረች።

«እማዬ፣ አታውቂውም እኮ!»

«አሁን አወቅኩት አይደል?»

እናቷ በቀደም ከፎቶ ቤቷ ወደ ቤት ስትመለስ፣ እዚያው የለመደችው አውቶቡስ ላይ፣ ልቧ ቀጥ ብሎ አረፈች። አክስታቸው ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ይሄንኑ እያነሳች ታለቅሳለች። «አይ እህቴ! ልጆች ወልደሽ፣ ቤት ሠርተሽ፣ ከባዳ መሃል ብቻሽን!» ጭምቷ ይሄን ከሰማች ወዲህ ቀኑን ሙሉ የምታስበው እሱን ብቻ ነው፤ ብቻሽን፣ ብቻሽን።

ባለ ነጭ ጫማዋ ሴት ሻይ ቀርቦላት ትንሽ ተረጋጋች።

«ከገጠር መጥቼ የነርስነት ትምህርት የጀመርኩ ሰሞን ነው» አለች። «የሚያውቀኝ ሰው የለም። ሁሉን ትቼ ልመለስ ሻንጣዬን ይዤ ፌርማታ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። እናታችሁ አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ 'ልጄ፣ ጫማው ጠቦሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?' አሉኝ። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ሦስት አውቶቡስ አሳለፍን። ከዚያ ሻንጣዬን አንስተው ወደ ማደሪያዬ መለሱኝ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ታማሚ ሲገባ መጀመሪያ ወሬ ነው የማስይዘው።»

ከላይኛው ፎቅ የወረዱት አኩራፊ ሽማግሌም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ደኅና አደሩ የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች። አልመልስላትም ነበር። አንድ ቀን መለስኩ። ይኸው አሁን መንደሩን ሁሉ ሰላም እላለሁ።»

ወንድሟ «የማን ወገን ነው» ማለቱን ተወ። ከጎረቤት ወንበር ሲያስመጣ ደረቱ ነፋ ብሎ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሰው ሳሳ ሲል፣ ቀለም የተረጨበት ሱሪ ያደረገ ጎልማሳ ገባና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሻዩን አልነካውም።

«የሞታቸውን ማስታወቂያ ፎቶ ቤቱ በር ላይ አይቼ ነው የመጣሁት» አለ በመጨረሻ። «ፎቶ ቤቱን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ያን ዕለት አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።»

አክስት ልቅሶዋን ዋጥ አደረገች። ጭምቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ቀለም ቀቢ ነኝ። ሱሪዬን አይተው፣ 'ይሄ አረንጓዴ የማን ሳሎን ነው? ይቅር ይበላቸው!' አሉኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ድካሜ ጠፋ። እስከ መጨረሻው ስንሳሳቅ ነው የሄድነው። ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። 'ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች፤ በቀን አሥር ቃል ብትናገር ነው፣ አሥሩም እውነት ነው' አሉ። እንዴት ኮርተው እንደሚያወሩ! አንቺ ነሽ?»

ጭምቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ከዚያ፣ ትንሽ ሳለሽ ገበያ መሃል እንደጠፋሽባቸው ይነግሩኝ ጀመር። 'ፈልጌ ፈልጌ፣ የት ባገኛት ጥሩ ነው?' ብለው ሳቁና እጄን ያዙ። ትከሻዬ ላይ ደገፍ አሉ። በሳቅ የተደገፉኝ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ ቆሞ ሐኪም እስኪደርስ እጃቸውን አልለቀቅኩም።» ድምፁ ተሰበረ። «ብቻቸውን አልነበሩም። ይሄን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የት እንዳገኙሽ ሳልሰማ መቅረቱ እረፍት ነሳኝ።»

አክስት በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ «እየሳቀች?» አለች ቀስ ብላ። «እህቴ እየሳቀች!»

ጭምቷ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የያዘችህ የትኛውን እጅህን ነው?»

ሰውየው ግራ እጁን ዘረጋ። በጥፍሩ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለም ነበር። ጭምቷ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንዲት የማላውቃት ሽንኩርት ሻጭ ጭን ላይ ተቀምጬ ነው ያገኘችኝ» አለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሊሰማት ጠጋ አለ። «ስለ እማዬ እያወራሁላት ነበር። ሴትዮዋ፣ 'ይቺ ልጅ አፏ አያርፍም' ብትላት፣ እማዬ እኔን ማቀፉን ትታ...»

ወሬዋን ቀጠለች። እጁን ግን አልለቀቀችውም።