ምድጃ ዳር የሞቀው ባትሪ

ይታገሱ ከሞተ ሠላሳ ስምንት ቀን ሆነው፤ ታላቅ ወንድሙ ዳኘው ግን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣውም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን የሬድዮ መጠገኛውን በሦስተኛው ቀን ስለከፈተ ሰው አማው። ይማው፤ ምን ያድርግ፣ ውስጡ ባዶ ነበር። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይበይዳል፤ ሌላ የሚሰማው ነገር የለም።

በዚያ ቀን እንዳለው የሚባል የሟቹ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ከባሕር ዳር መጣ። እሱና ይታገሱ ከፎም ቆርጠው የሠሯትን፣ ክንፏ ከክንድ ትንሽ የሚበልጥ አውሮፕላን በጋቢ ጠቅልሎ ይዟል። ይታገሱ ለእናቱ ለወይዘሮ ሰብሊ “ለገና ይዣት መጥቼ ደጅሽ ላይ አበራታለሁ” ብሏቸው ነበር፤ ኅዳር ላይ የመኪና አደጋ ቀደመው። አሁን እናትየው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውሮፕላኗ በልጃቸው አርባ ስትበር ማየት።

ያላቸው አንድ የሊትየም ባትሪ ነው፤ በመከራ ከውጭ የመጣ። ሶኬቱ ደግሞ ከአውሮፕላኗ ሶኬት ጋር አይገጥምም። ዳኘው መቁረጫውን አንስቶ፣ እንደማንኛውም ሬድዮ ጠጋኝ፣ ሁለቱን ሽቦ ባንዴ ሊቆርጥ ሲል እንዳለው እጁን ያዘው። ሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ እሳት ይነሳል፣ ይኼ እንደ ሬድዮ ድንጋይ በቸልታ የሚያዝ አይደለም አለው።

እናም ቀዩን ብቻ ቆረጠ። በሙቀት የሚኮማተረውን ላስቲክ አስቀድሞ ሽቦው ላይ አጠለቀ፣ ከአዲሱ ሶኬት ጋር በየደው፣ ላስቲኩን ጎትቶ ሸፈነው። ጥቁሩን የነካው ከዚያ በኋላ ነው። አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገቡ ነበር፤ አላስፈለገም። እንዳለው እንደዚህ ያለ የረጋ እጅ አላየሁም ብሎ አመሰገነው። ዳኘው “ምንም ስለማይሰማኝ ነው” ሊለው አሰበና ተወው። ባትሪውን ገል ላይ አስቀምጠው፣ ከአጠገቡ ሳይነሱ ቻርጅ አደረጉት።

በአርባው ዋዜማ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የእናቱ ቤት ሄዱ። ዳኘው ባትሪውን መደብ ላይ አስቀምጦ ተኛ። የአርባው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን ባትሪው መደቡ ላይ የለም። ያገኘው ምድጃው ዳር፣ ትኩሱ አመድ ሥር ነው፤ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል።

ዳኘው በአካፋ አፍሶ አውጥቶ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው፤ አፈር መለሰበት። ከአፈሩ ሥር ትንሽ ጭስ ወጣ። እንግዳው ሁሉ ያያል፤ የአንድ ለአምስቱ መሪ ሳይቀር ወሬውን አቋርጦ ያያል። ወይዘሮ ሰብሊ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የሬድዮአቸው ድንጋይ ሲደክም ምድጃ ዳር አሙቀው ነው የሚያነቁት፤ ዳኘው ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ እያየ ነው ያደገው፣ አስቀድሞ መናገር የነበረበትም እሱ ነው።

“እንዲበረታ ብዬ ነበር” አሉት ቀስ ብለው። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት?”

“አይደለሽም እማዬ። እኔ ነኝ። ሁለቱን ሽቦ ባንዴ ቆረጥኩት።”

እንዳለው ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱ ላይ አፈር ጨመረ።

ቆይቶ ግን እንዳለው አንድ ሐሳብ አመጣ። ያለ ሞተርም ከቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ቢወረውሯት ትንሳፈፋለች፤ ነገር ግን በባትሪው ቦታ የሚከብዳት ነገር ያስፈልጋል፣ አለዚያ በጅራቷ ትወድቃለች። ወይዘሮ ሰብሊ ይህን ጨርሰው ሳይሰሙ ወደ ቤት ገቡና ከሬድዮአቸው ውስጥ ሁለት ድንጋይ አውጥተው መጡ። እንዳለው በእጁ መዘናቸው፣ በቃ አለ፤ በናስትሮ አጥብቆ አሰራቸው።

ኮረብታው ላይ ወጡ። እንዳለው ሮጥ ብሎ ወረወራት። መጀመሪያ ዝቅ አለች፣ ከዚያ ተስተካከለች፣ የታጨደውን የጤፍ ማሳ ተሻገረች፣ አጥሩን አልፋ ገለባው ላይ በደረቷ አረፈች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ወይዘሮ ሰብሊ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመው ቀሩ።

“ድንጋዩንም ጠዋት አሙቄው ነበር” አሉ ለዳኘው፣ ምስጢር እንደሚነግሩት ሁሉ።

ዳኘው ሳቁ መጣ። ሊስቅ አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ልቅሶ ነበር፤ የአርባ ቀኑ ሁሉ ባንዴ። ሕዝቡ ፊት ተቀምጦ የወንድሙን ስም እየጠራ አለቀሰ። እናቱ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ባትሪውን ስላጠፋ የተጸጸተ መስሏቸው እጁን ያዙት።

“ተወው ልጄ” አሉት። “የኔው ድንጋይ አበረራት አይደል።”