አርባ ሦስቱ መራጮች

ሐሙስ ጠዋት እስጢፋኖስ ሁለት ቀጠሮ ነበረው፤ በሦስት ሰዓት አምስተርዳም የዓይን ክሊኒክ፣ በስምንት ሰዓት ሄግ፣ ከአዲስ አበባ በመጡ የጤና ባለሥልጣናት ፊት። የመጀመሪያው የእትዬ ዓለምወርቅ ነው፣ ሁለተኛው የራሱ። ከሮተርዳም በተነሳው ባቡር ውስጥ መቀመጫው ይቆረቁረው ጀመር። ይነሳል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይቀመጣል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል።

«አንተ ልጅ፣ ባቡሩን አንተ ነህ እንዴ የምትነዳው?» አሉት እትዬ ዓለምወርቅ። «አርፈህ ተቀመጥ እንጂ።»

እሳቸው አርፈው ነው የተቀመጡት፤ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ፣ ፊታቸው ወደ መስኮቱ። ግራ ዓይናቸውን ግላኮማ ከወሰደው አምስት ዓመት ሆኖታል። የቀረቻቸው ቀኟ ናት፤ በእሷ ነው በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ሽንኩርት የሚከትፉት፣ በእሷ ነው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡት። ይህች ዓይን በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል ተብሎ ነበር፣ ያውም ዘጠኝ ዓመት በተከታተላቸው የሮተርዳም ሐኪም። አልተደረገላትም። ያላስደረጋት ደግሞ አጠገባቸው የሚቁነጠነጠው ሰው ነው።

እስጢፋኖስ ሄግ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ የሚያጠናውም የጤና ኢንሹራንስ። አገር ቤት ያሉት ሰዎች የጨነቃቸው፣ ኢንሹራንሱ በመንግሥት እጅ ይቆይ ወይስ ለግል ኩባንያዎች ይከፈት የሚለው ነው፤ እሱ መልሱን ሆላንድ ውስጥ አግኝቼዋለሁ ባይ ነው። እዚህ መንግሥት ሕጉን ያወጣል፣ ሁሉም ሰው ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል። ኩባንያዎቹ ግን የግል ናቸው፤ ደንበኛ ይሻማሉ፤ ያልተመቸው ሰው በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ጥሏቸው ወደ ሌላው ይሄዳል። «ኩባንያን የሚቀጣው መራጩ ነው!» ይላል እስጢፋኖስ። ሠርግ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ይህን የሰማ ሰው፣ ሁለተኛ አጠገቡ አይቀመጥም።

ማስረጃም ነበረው። ሮተርዳም ካለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናቸው ሃምሳ አንድ አባላት መካከል አርባ ሦስቱ ባለፈው ዲሴምበር ኢንሹራንስ ቀይረዋል። ጃንዋሪ ላይ መጠይቅ በተነላቸው። «ኢንሹራንስዎን ማን መረጠ?» ለሚለው፣ አርባ ሦስቱም «እኔ ራሴ፣ አመዛዝኜ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። አማካሪው ፕሮፌሰር ይህን ሲያይ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። ቋንቋው የማይገባው ስደተኛ እንዲህ ከመረጠ፣ በገዛ አገሩ ያለው ገበሬ ምን ያቅተዋል?

ሊቁ እስጢፋኖስ ግን አንዲት ነገር ዘንግቷል። ዲሴምበር ላይ በየእሑዱ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ጥግ ላፕቶፑን ዘርግቶ የሚቀመጠው ማን ነበር? እሱ ራሱ። ሰዉ ደብዳቤውን ይዞ ይሰለፋል። «ይሄኛው ይረክሳል፤ ልቀይርልዎ?» ይላል እሱ። «አንተ ያልከውን» ይላሉ እነሱ። ይቀይርላቸዋል፣ ይመርቁታል፣ ምርቃቱም ደስ ይለዋል፤ መቼም ሰው ነው። ታዲያ በወሩ ያው እጅ መጠይቅ ሲያድል፣ «አንተ ነህ የመረጥክልኝ» ብሎ የሚሞላ ሐበሻ ከየት ይምጣ? አንዳንዱ ቅር እንዳይለው አስቦ፣ አንዳንዱ ደግሞ ስሙን ብጽፍ ይጠየቅበታል ብሎ ሰግቶ፣ ሁሉም «እኔ ራሴ» አለ።

እስጢፋኖስ ይህ የገባው በሮተርዳሙ ሆስፒታል የእንግዳ መቀበያ ፊት ቆሞ ነው። ለእትዬ ዓለምወርቅ ቀዶ ጥገና ሊያስመዘግብ አብሯቸው ሄዶ ነበር። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አይታ ራሷን ነቀነቀች። አዲሱ ኢንሹራንስ ከዚህ ሆስፒታል ጋር ውል የለውም፤ የሚከፍለው በከፊል ነው፤ ቀሪው ከኪስ ነው፤ እስከሚቀጥለው ጃንዋሪ መቀየርም አይቻልም። የረከሰው ለካ ለዚህ ነው! ውል ያላቸው ሆስፒታሎች ዝርዝር በአንዲት ጠቅታ ይገኝ ነበር፤ ያን እሑድ ግን ከኋላቸው አሥራ አንድ ሰው ተሰልፎ ነበር።

«ማን ነው ይህን የመረጠላቸው?» አለች ሠራተኛዋ፣ ክፉ ሳታስብ።

እስጢፋኖስ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። እትዬ ዓለምወርቅ ግን ወጥ ቤት በለቃቀሟት የደች ቋንቋ ጥያቄው ገብቷቸዋል። ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ኢክ ዘልፍ» አሏት። እኔ ራሴ። ይህን ቃል እስጢፋኖስ አርባ ሦስት ጊዜ አንብቦታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የሚባል ነገር አላየም። ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ ተከራከረ፤ ውል ያለው ክሊኒክ አምስተርዳም ተገኘ፤ ቀጠሮው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ። ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሦስት ጊዜ ደወለላቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ባቡር ሰዓት አውርቶ ዘጋ። አርባ ሦስቱ መራጮችም ለባለሥልጣናቱ ካዘጋጀው ገለጻ አልወጡም። እንዲያውም ትናንት ረቡዕ የልዑካኑ መሪ ወይዘሮ ፋናዬ ደውለውለት ነበር።

«እኔ ለመንግሥት የማደላ ሰው ነኝ፣ አልደብቅዎትም» አሉት። «ኩባንያዎቹ ባላወቀ ሰው ይጫወቱበታል ብዬ ነው የምፈራው። ግን እነዚህ አርባ ሦስት ሰዎች የእውነት ራሳቸው ከመረጡ፣ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ። የእውነት ነው?»

«የእውነት ነው» አለ። ስልኩን ሲዘጋ ራሱን ጠላው።

አምስተርዳም ደረሱ። ክሊኒኩ ውስጥ የእትዬ ዓለምወርቅን ዓይን ጠብታ አደረጉበት፣ በመሣሪያ ለኩት፣ ብርሃን አበሩበት። ወጣቷ ሐኪም የኖቬምበሩን የሮተርዳም ውጤት ከዛሬው ጋር አስተያየችና ለእስጢፋኖስ ነገረችው። እሱም ተረጎመ፤

«ማክሰኞ ቀዶ ጥገናው ይደረግልዎታል። ዓይንዎ ትተርፋለች።»

«ተመስገን። እሷ ግን ከዚህ የበለጠ ተናግራለች። ጨርሰው።»

እስጢፋኖስ መሬት መሬት አየ። «ከኖቬምበር ወዲህ እይታዎ ትንሽ ጠቧል። በታች በኩል… ደረጃ ሲወርዱ እግርዎን የሚያዩበት። የሄደው አይመለስም አለች።»

በሦስቱ ሳምንት ይሁን ከዚያ በፊት፣ ሐኪሟ መናገር አትችልም። እስጢፋኖስ ግን ለራሱ ተናገረው፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ማልቀስ አማረው። እትዬ ዓለምወርቅ፣ «እንግዲህ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ እወርዳለሁ» አሉ።

ሊወጡ ሲሉ ነርሷ አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው፤ የታካሚዎች አስተያየት መስጫ ነው። በጠብታው የተነሳ እትዬ ዓለምወርቅ ፊደል መለየት አይችሉም፤ ስለዚህ እስጢፋኖስ አጠገባቸው ተቀምጦ ያነብላቸው ጀመር። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ።

«‹ወደዚህ ክሊኒክ ለመምጣት የመረጠው ማን ነው?› ይላል።»

«እኔ ራሴ ብለህ ስጣት። ስብሰባህ እንዳይረፍድብህ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከዚያ «ሌላ ሰው» የሚለውን አከበበና ከጎኑ ባለው ባዶ መስመር ላይ ጻፈ።

«ምን ጻፍክ? ረዘመብኝ እኮ።»

«ስሜን» አለ እስጢፋኖስ። «እኔ ነኝ የመረጥኩልዎ፣ እትዬ። የሆስፒታሎቹን ዝርዝር እንኳ ሳላይ። ዓይንዎን እኔ ነኝ የጎዳሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

 እጃቸውን ሰደው ጉልበቱን ፈለጉና ያዙት።

«አጠገብህ ተቀምጬ አልነበር እንዴ ስትመርጥልኝ? አውቃለሁ። አዝኜብህም ነበር፤ ስለ ዓይኔ ሳይሆን ዝም ስላልከኝ።» ቀጠሉና፣ «ጃንዋሪ ላይ የሞላሁልህ ወረቀት አለ አይደል? ያኛውንም አስተካክልልኝ።»

«ዛሬ በስምንት ሰዓት የማቀርበው እሱን ነው። የእርስዎ ብቻ ከሆነ አርባ ሁለት ይቀራሉ ብዬ…»

«የማንን ነው የምትቆጥረው? ሁላችንም አንድ ሰልፍ ላይ አልነበርንም?» ጉልበቱን ለቀው ቦርሳቸውን አነሱ። «በል ተነሳ፤ አሁን ምን ያስቀምጥሃል?»

የተሳፈሩት ባቡር እሱን ሄግ አውርዶ እሳቸውን ሮተርዳም ያደርሳል፤ እዚያ ልጃቸው ዮሃና ትቀበላቸዋለች። እትዬ ዓለምወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። እስጢፋኖስ ላፕቶፑን ከፈተ። «ራሳቸው የመረጡ» በሚለው ፊት ያለውን አርባ ሦስት አጥፍቶ ዜሮ አደረገው። ከሥሩ አዲስ መስመር ጨመረ፤ «ለሁሉም የመረጠ፦ አንድ ሰው»። ከዚያ ስልኩን አወጣና ወይዘሮ ፋናዬ ጋ ደወለ።