ቃል የሌላት ተሟጋች

አቶ ደርበው በዳባት አንቱ የተባሉ ተሟጋች ነበሩ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ግን የርስት ክርክር ድራሹ ጠፋ፤ እሳቸውም ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ የሚረቱት ሰው አጡ። ይባስ ብለው አስተማሪዋን ልጃቸውን የዓለምወርቅን ሊያገባ ስማቸው የሚባል የክሊኒኩ ጤና ረዳት ሽማግሌ ቢልክ፣ «አጥንቱ አይታወቅም» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱበት። የዓለምወርቅ ስማቸውን ትፈልገዋለች፤ ያለ አባቷ ምርቃት መዳር ግን ሞቷ ነው።

የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር ሚስተር ዶርጄ ከህንድ ተራራማ አገር የመጣ ቡድሂስት ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የአገሩን መነኮሳት ሙግት አጫወታት። ነገር ሁሉ ከሌላው ተያይዞ እንጂ በራሱ የቆመ አይደለም፣ ውስጡ ባዶ ነው ይላሉ፤ የሚያስረዱበት መንገድ ግን ለሁለት ከፍሏቸዋል። አንደኛው ወገን የራሱን ማስረጃ ያቆማል። ሁለተኛው የራሱ ቃል የለውም፤ የባላጋራውን ቃል ተቀብሎ እየጎተተ ገደል ይከተዋል። ባላጋራውን ሲረታም ያጨበጭባል። የዓለምወርቅ ሳቋ አመለጣት። ሁለተኛውን መርጣ ወደ ቤቷ ከነፈች።

«አባዬ፣ ሰው ማለት አጥንቱ ነው ብለዋል?»

«ብያለሁ!» ሙግት ሲሸታቸው የደርበው ዓይን በራ።

«የስማቸው አጥንት የማን ነው?»

«የአባቱ።»

«የአባቱስ?»

«የአያቱ ነዋ።»

«እንዲህ እያልን አዳም ዘንድ ብንደርስ፣ እርስዎና ስማቸው አንድ አጥንት ናችሁ።»

«ዘመድ ከሆነማ አታገቢውም!»

«ዘመድ ከሆነማ አጥንቱ ይታወቃል!» ጧ አድርጋ አጨበጨበች።

ደርበው ከመደቡ ተነሡ፤ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። እሷም እንደ ጥጃ መቦረቅ አማራት።

«ያንቺስ ቃል የት አለ?»

«የለኝም! ባዶ ነኝ!»

«እንግዲያ ስሚኝ።» ዘንጋቸውን ተከሉ። «ከስማቸው የምትፈልጊው ምኑን ነው? አፍንጫውን?»

«አፍንጫውስ ይቅር።»

«ደመወዙን?»

«እሱም ይቅር።»

«መርፌውን?»

«ኧረ አባዬ!» አለች በሳቅ እየፈረሰች።

«እንግዲህ ፈልገን ካጣነው ስማቸው የሚባል ሰው የለም። ለሌለ ሰው እንዴት ልዳርሽ?»

የዓለምወርቅ እጇ ለማጨብጨብ እንደተነሣ ቀረ። መነኮሳቱ ለዚህም መልስ ይኖራቸዋል፤ ዶርጄ እዚያ ሳይደርስ ግን ደወሉ ተደውሎ ነበር።

«እወደዋለሁ!» አለች ጮኻ።

ለአባት እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ፊቷ እሳት ሆነ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ደርበው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ይኸስ ይግባኝ የለውም» አሉ። «በዪ ሽማግሌዎቹ ይመለሱ። ግን አፍ ያላቸው ይሁኑ፤ በዋዛ አልረታም!»