ቀዩ አሸዋ

ከጠባቡ ሰላጤያችን ጫፍ ያለው ግግር በረዶ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ እየፈጨ ወደ ባሕር ይለቃል። የእኔ ሥራ ያንን ዱቄት መመርመር ነው። በጀልባ ወጥቼ ከባሕሩ ገጽ ውሃ እቀዳለሁ፣ በስስ ማጣሪያ አሳልፈዋለሁ፣ የቀረውን በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ሁልጊዜም ግራጫና ልም ነው። የመንደሩ ሰው «ጭቃ መርማሪዋ» ይለኛል። ይበሉኝ፤ ከእነሱ ሐሜት የእኔ ጭቃ ይሻላል።

የዚያን ቀን ግን ማጣሪያው ላይ ቀይ አሸዋ አገኘሁ። የጀልባዬ ዝገት መስሎኝ ሌላ ውሃ ቀዳሁ፤ ያው ነው። የአሸዋው ቅንጣቶች ጠርዝ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ስለታም ነበር። ደግሞ እንዲህ ያለ ሻካራ አሸዋ ወዲያው ስለሚሰምጥ፣ ውሃው ገጽ ላይ የሚገኘው ገና ከላይ እየወረደ ሳለ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ተራራውን አየሁት። ቀይ ነው። ድሮ ግግሩ ጎኑን ደግፎት ነበር፤ አሁን ግግሩ ሸሽቶ ብቻውን ቆሟል። መፍረስ ጀምሯል ማለት ነው። ከሥሩ፣ ከባሕሩ ዳር፣ አጎቴ ሚተቅ ከነቤተሰቡ ድንኳን ተክሎ ዓሣ ያጠምዳል።

ከተማ ወዳለው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ባለሙያ ሲገኝ እንልካለን አሉኝ። ባለሙያ እስኪገኝ ተራራው ይጠብቃል ብለው ይሆናል። ጀልባዬን ወደ ድንኳኑ አዞርኩ።

ሚተቅ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ የተቀቀለ ሥጋ እየበላ ነበር። «እናቴ፣ አሸዋ አይተሽ ነው ዓይንሽ እንዲህ የፈጠጠው?» አለኝ። ኢናሉክ የተባልኩት በእናቱ ስም ነው። እሷ በሞተችበት ክረምት ተወለድኩ፤ በእኛ ዘንድ ስም የሚሰጠው ከነባለቤቱ ነፍስ ነውና ይሄ ሽበታም ሰውዬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እናቴ ይለኛል። ያየሁትን ሁሉ አስረዳሁት። ተራራው ከአያቶቻችን በፊትም እንደነበረ፣ ዓሣው ደግሞ ገና አሁን እንደመጣ ነገረኝና ሥጋውን ቀጠለ።

እስከዚያ ቀን በዚያ ስም አዝዤው አላውቅም። «ልጄ፣ እናትህ ነኝ የምልህ። ልጆቹን ይዘህ ተነስ» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። የድንኳኑን ካስማ መንቀል ጀመረ።

ተራራው ግን እንደቆመ ቀረ። ሌሎቹ አጥማጆች ጀልባቸውን በዓሣ ሞልተው ሲመለሱ፣ ሚተቅ ወደብ ላይ ተቀምጦ የተጠገነ መረቡን መልሶ ይጠግናል። «እናቱ ጠርታው መጣ» እያሉ ይስቁበታል። እኔም በየቀኑ ውሃ እቀዳለሁ። ቀዩ አሸዋ እያነሰ ሄደ። አንድ ጠዋት ማጣሪያው ላይ ግራጫ ዱቄት ብቻ ቀረ።

ሚተቅ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«እናቴ፣ ዛሬስ አለ?»

መዋሸት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ይህ ሰው እናቴ እያለ የሚጠይቀኝ የነገርኩትን ስለሚያምን ነው፤ ዋሽቼው አላውቅም።

«የለም» አልኩት። «የለም ማለት ግን ተራራው ረጋ ማለት አይደለም። አትሂድ።»

«እኔ የጠየቅኩሽ ስላሸዋው ነው» አለኝና ፈገግ አለ። ለእኔ ሲል ሚስቱንና ልጆቹን መንደር ትቶ ወደ ማጥመጃው እንደሚሄድ ነገረኝ፤ በዚያም የታረቅን መሰለው። እጁን ይዤ ለመንኩት። ቀስ አድርጎ አስለቀቀኝና ብቻውን ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ታናሿ ልጁ ከውጭ ጠራችኝ። ባሕሩ ሄደ አለችኝ። ወጥቼ ሳይ ወደቡ ላይ የታሰሩት ጀልባዎች ሁሉ ጭቃው ላይ ተጋድመዋል። ተራራው ባሕሩ ውስጥ ወድቋል፤ የሸሸው ውሃ ማዕበል ሆኖ ይመለሳል። እናቷ ታላቁን ይዛ እንድትወጣ ጮኼ ነገርኳትና፣ የትንሿን እጅ ጨብጬ ወደ ዳገቱ ሮጥኩ።

«አባባስ?» አለችኝ።

«ሩጪ» አልኳት።