ስልክ የማይሠራበት ጫጉላ

ሐምሌ ሦስት ቀን ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አዘዞ በአያ ሐብተ ማርያም ቤት የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ አያ ሐብተ ማርያም፣ ባለቤታቸው እትየ ይርገዱ፣ የንስሐ አባታቸው አባ ወልደኢየሱስና እኔ። ሠርጌ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። የማገባት የትነበርሽ የአያ ሐብተ ማርያም የወንድም ልጅ ናት። እናትና አባቷ ቀደም ብለው ስለሞቱ እሷንና ታላቅ ወንድሟን ምንይችልን ያሳደጓቸው አያ ሐብተ ማርያምና ባለቤታቸው ናቸው። በዚያ ሰዓት እሷ ሥራ ላይ ነበረች።

የጠሩኝ ስለ ድንኳኑ ሊያነጋግሩኝ መስሎኝ ነበር። ቁጭ እንዳልኩ ግን እትየ ይርገዱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ዳኛው» አሉኝ አያ ሐብተ ማርያም፤ «ምንይችል አርፏል።»

ምንይችል ሳንጃ ወርዶ ሰሊጥ ያርም ነበር። ወባ ሦስት ቀን ብቻ አስተኝቶት ሰኞ ዕለት ሞተ። መንገዱን ጎርፍ ስለቆረጠው አብረውት የሚሠሩት ልጆች እዚያው ቀበሩት፤ ስልክ የደወሉት ከቀበሩት በኋላ ነው።

«እሷ ሰምታለች?» አልኩ።

«አልሰማችም። አትሰማምም» አሉ አያ ሐብተ ማርያም። «ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተጠርቷል። ይህ ከተሰማ ሠርጉ ይፈርሳል፤ ዓመት ሳይሞላም አይነሳም። ታላቋ ሆኖ ሳለ ‹መጀመሪያ እሷን ዳሩልኝ› ያለው እሱ ራሱ አይደለም?»

«መርዶ ለብቻ አይነገርም» አሉ አባ ወልደኢየሱስ። «ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚደግፋት ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። ከጫጉላ ስትመለስ እናረዳታለን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

«አንተ ደግሞ» አሉኝ አያ ሐብተ ማርያም፤ «ጫጉላውን ምረጥ። ጸጥ ያለ፣ የሚያውቃት ሰው የሌለበት፣ ስልክ የማይሠራበት ይሁን። በሳንጃ መንገድ ብቻ እንዳይሆን።»

«እሺ» አልኩ። በትልቅ ሰው ፊት ከእሺ ሌላ ቃል አይወጣኝም።

የእኛ ሰው ጫጉላውን የሚያሳልፈው በሙሽራው ቤት ነው። ወደ ሌላ ቦታ መሄድ የከተማ ሰው ነገር ነው። የትነበርሽ ግን በአንድ ፔንሲዮን አንሶላ አጣቢ ናት። ከተጫጨን ጀምሮ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ወርቅ አልፈልግም። አምስት ቀን ብቻ ሌላ ሰው ያጠበው አንሶላ ላይ አስተኛኝ» ትለኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሱቃችን መጣች። እኔና ጓደኛዬ አብዮት ጎንደር አራዳ ውስጥ ልብስ እንሰፋለን።

«መረጥኩ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ትክል ድንጋይ። አየሩ ሸጋ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ አልጋው ርካሽ ነው። ደግሞ ከሳንጃ የሚወጣ ማኪና ሁሉ እዚያ ይቆማል። ምንይችል ለሠርጉ ባይደርስ እንኳ አንድ ቀን ወጥቶ ያየናል።»

«ይህን ሁሉ ቀን ስልክ አላነሳም አላልሽም?» አለ አብዮት። እሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

«ክረምት ሲገባ ሳንጃ መቼ ኔትወርክ አለ?»

«ይልቅ ጎርጎራ ይውሰድሽ፤ ሐይቅ ዳር።»

«ጎርጎራ አልጋው ውድ ነው። በነጻ የሚሰጡት ትንኙን ብቻ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ቀና ሳልል «ኮሶዬ» አልኩ።

«ኮሶዬ በሐምሌ? ምን ልናይ? ጉም?»

«ጸጥ ይላል።»

«መቃብርም ጸጥ ይላል» አለችና ሳቀች።

መቀሱን አንስቼ ያልለካሁትን ጨርቅ ቆረጥኩ። አብዮት «ምነው ሰውዬ!» ብሎ ጮኸብኝ። የትነበርሽ ግን ሳቋን ትታ አየችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜን ታፍርበታለህ እንዴ?» አለች። «የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ነው?»

አላፍርበትም ማለት ነበረብኝ። ብናገር ሌላውም አብሮ የሚወጣ መሰለኝ። «ኮሶዬ ይሻላል» ብቻ አልኩ።

ግድግዳው ላይ አንድ ግራጫ ሱፍ ተሰቅሎ ነበር። ለሠርጋችን እንዲለብሰው ለምንይችል የሰፋሁት ነው። ልኩን የወሰድኩት እሷ ካመጣችልኝ ከአሮጌ ሸሚዙና ከአሮጌ ሱሪው ነበር። የቀረው የሱሪው ጫፍ ብቻ ነው። ሄዳ እጅጌውን ነካች።

«እሺ፣ ኮሶዬ ይሁን» አለች። «ይህን ግን ይዘነው እንሄዳለን። እዚያ ሥራ ስትፈታ ጫፉን ትሰፋዋለህ። ስንመለስ በሳንጃ ማኪና እንልክለታለን።»

እሑድ ሐምሌ ሰባት ሠርጉ ሆነ። አያ ሐብተ ማርያም ከበሮው ሲመታ መሐል ገብተው ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄደው ፊታቸውን ወደ ሸራው አዞሩ። እትየ ይርገዱ ከጠዋት እስከ ማታ አለቀሱ። ሙሽራ ሲሸኝ ማልቀስ ወግ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። የትነበርሽም ዓይናቸውን በነጠላዋ እየጠረገች «እትየ፣ ኮሶዬ እኮ ነው የምሄደው፤ ኢየሩሳሌም አይደለም» ትላቸው ነበር።

ረቡዕ ኮሶዬ ገባን። ወይዘሮ ውቢት የሚባሉ ሴት ከቤታቸው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል አከራዩን። ጭቃው ከደጃፉ ድረስ ነው። የትነበርሽ እንደ ገባች አንሶላውን አንስታ አሸተተችው።

«በደንብ አላለቀለቁትም» አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ተኛችበት። «ግን እኔ አላጠብኩትም!»

የዚያን ቀን እሷን ደስ እንዳላት ደስ ያለው ሰው በሕይወቴ አላየሁም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን እፍቅ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ወይዘሮ ውቢት ግን «ገደሉ አፋፍ ላይ አንዳንዴ ይይዛል» ብለው ነገሯት። ስለዚህ በየማለዳው ጋቢ ተከናንባ ወደ አፋፉ ትወጣለች፤ እኔ እከተላታለሁ። ትደውላለች፣ ትሰማለች፣ ትዘጋለች። «ያችው ሴትዮ ናት» ትለኛለች፤ «ማግኘት አይችሉም ትላለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።»

ዓርብ ጠዋት ጉሙ ለጥቂት ጊዜ ተከፈተ። ከእግራችን በታች ቆላው ታየ፤ ተራራው፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ የሆነው አገር።

«ሳንጃ በየት በኩል ነው?» አለች።

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት እንኳ አቃተኝ። እጄን አንስቼ ወደ ግራ አመለከትኩ።

ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። «ምንዬ! ሱፍህ ደርሷል!»

ጉሙ ተመልሶ ዘጋው። እሷ እየሳቀች ወረደች።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሱፉን ከሻንጣ አወጣችና መርፌና ክር አቀበለችኝ። «ተነስና ሱሪውን ልበሰው፤ ልለካብህ» አለች። ለበስኩት። ተንበርክካ ጫፉን እየያዘች «እሱ ከአንተ አራት ጣት ይረዝማል፤ እንዳታሳጥርበት» አለች። አውልቄ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የዚያን ቀን መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋኝ።

«ምነው ጣትህን ትወጋዋለህ?»

«ብርዱ ነው።»

አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ምንዬ ተቀይሞኛል? ሠርጌን የቀረው ተቀይሞኝ ነው?»

«አልተቀየመሽም።»

«በምን አወቅህ?»

ያኔ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አባ ወልደኢየሱስ ያሉት ትዝ አለኝ፤ መርዶ ለብቻ አይነገርም። እዚያ ከእኔ ሌላ የሚደግፋት ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ የእትየ ይርገዱን ያህል ክንድ ያለኝ አልመሰለኝም። ምነው ዝም ብዬ በቀረሁ።

«አነጋግሬው ነበር» አልኩ።

«መቼ?»

«ሐሙስ። ከሠርጉ በፊት። ለአንድ ደቂቃ ያዘልኝ።»

«ምን አለህ?»

«ደህና አድርገህ ያዛት አለኝ።»

ፊቷ ሲበራ አየሁት። ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣል አድርጋ «ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ! እኔ እኮ የማስበው ሌላ ነበር» አለች። ዝናቡ እየዘነበ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። የሱሪውን ሁለተኛ እግር ጫፍ ሰፍቼ ጨረስኩ።

ሰኞ ወደ ጎንደር ተመለስን። ማክሰኞ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ልከፍት ስነሳ «ተኛ፣ እኔ እከፍታለሁ» ብላ ቀደመችኝ። ከበሩ ውጭ ዐሥራ አንድ ሰዎች ቆመው ነበር፤ አያ ሐብተ ማርያም፣ እትየ ይርገዱ፣ አባ ወልደኢየሱስ፣ ሌሎችም ዘመዶች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ቃል ሳይናገር ገባት።

«ምንዬ ነው» አለች።

እትየ ይርገዱ ያዟት። ሴቶቹ ከበቧት። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ወንዶቹ ዝናቡ ውስጥ ቆመው አለቀሱ።

ረፋድ ላይ ድምጿ ተዘግቶ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ሳለ «መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሐምሌ አንድ፣ ሰኞ» አሏት አያ ሐብተ ማርያም።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ብላ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ በሰው መሐል ፈለገችኝ።

«ሐሙስ አነጋገርኩት ብለኸኝ ነበር» አለች።

አያ ሐብተ ማርያም «እኛ ነን ያዘዝነው፣ ልጄ፤ እሱ ምን ያድርግ» አሉ።

«እንዳይነግረኝ አዛችሁታል» አለች እሷ። «ይህንንም ንገራት ብላችሁታል?»

አላሉኝም። አያ ሐብተ ማርያም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

የዚያኑ ቀን ከእትየ ይርገዱ ጋር ወደ አዘዞ ሄደች። ሱፉን በክንዷ ይዛው ነበር። ከአርባው በኋላ አባ ወልደኢየሱስ ለአንድ ረጅም የቆሎ ተማሪ ሰጡት። የትነበርሽ በመስከረም መጨረሻ ወደ ቤት ተመለሰች። በጥቅምት ትክል ድንጋይ ሄደን አንድ ቀን አደርን። ከሳንጃ የሚመጡትን መኪኖች እስኪመሽ ቆማ አየቻቸው። በማግስቱ ተመለስን።