ከጨዋታው የተተወው

መድረኩ ላይ ያለችው ጠንቋይ ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን መዝዛ ፒያኖ ፊት የተቀመጠችውን ልጅ ጣቶች ቸብ ስታደርግ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ጣት አምጪ አልኩሽ እንጂ ቋሊማ አልኩሽ?" አለች ጠንቋይዋ በቀጭን ድምፅ።

በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠችው ቨርና ሃስኬል ከሰው ጋር ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር። ሳቁ ግን ሳይወጣ ቀረ። ያቺ የቋሊማ ነገር የራሷ አባባል ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኮርቢን ፎልስ ከተማን ልጆች በቤቷ ፒያኖ ስታስተምር ስትላት ኖራለች። ጠንቋይዋ ግራጫ ፀጉሯን ልክ እንደ እሷ ወደ ላይ ጠቅልላ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። አፍንጫዋ ላይ ከተለጠፈው አረንጓዴ ኪንታሮት በቀር የተጨመረ ነገር የለም።

ሰው መናፍስትና ጠንቋይ መስሎ በሚለብስበት የሃሎዊን በዓል ሰሞን ትርኢት በየዓመቱ የሚቀርበው የከተማዋ የጥበብ ማኅበር ከእሳት አደጋ ሠራተኞች በተረከበው አሮጌ ጣቢያ ውስጥ ነው። ፖስታ አዳዩ አጥንት የተሣለበት ልብስ ለብሶ ይደንሳል፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ስለ መቃብር ያዜማሉ፤ የፈለገ ሰው የፈለገውን ይዞ ይወጣል። ቨርና ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇ ዘንድ ሌላ ከተማ ገብታ ስለነበር ስድስት ዓመት አልመጣችም። ዛሬ ልጇ ከርቲስ ነው፣ ቤት መዋል በዛብሽ፣ ወጣ ብለሽ ሳቂ ብሎ ያመጣት።

አሁን ከርቲስ ጎኗ ተቀምጦ ጥርሱን ነክሷል። እንውጣ አላት በሹክሹክታ። ዝም ብለህ ተቀመጥ አለችው። ብትነሳ ሰው ሁሉ ያያታል። ከፊቷ የተቀመጠችው የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ለሳቅ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ሴትዮዋ ወዲያው ፊቷን መለሰች፤ ትከሻዋም በሳቅ መንቀጥቀጡን አቆመ።

ቨርና ከኪንታሮቱ ሥር ያለውን ፊት ለየችው። ሮዛሊንድ ቴቤትስ ናት፤ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ለታካሚዎች ቀጠሮ የምትይዘው። በሰባት ዓመቷ የቨርና ተማሪ ነበረች። ቨርና ያን ስታስታውስ ከእርሳሱ የባሰ ነገር ትዝ አላት።

አንድ ሐሙስ ቀን ሮዛሊንድ አንዷን መስመር አራት ጊዜ ሳተች። እርሳሱ ሲነሳ አየችና እዚያው ወንበሩ ላይ ሸናች። በሚቀጥለው ሳምንት ቨርና ወንበሩ ላይ ላስቲክ አነጠፈች። ሌሎቹ ልጆች ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት ነገረቻቸው፤ ስም ጠርታ። ልጅቷ ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ በየሳምንቱ እዚያ ላስቲክ ላይ ተቀመጠች።

አሁን ይወጣል፣ አሁን ላስቲኩን ታመጣዋለች እያለች ቨርና መድረኩን ፈርታ ስታይ ቆየች። አልመጣም። በጨዋታው መጨረሻ ፒያኖው ክዳኑን ከፍቶ ጠንቋይዋን ዋጣት፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ መብራት በራ። ቨርና እፎይ ብላ ተነፈሰች። መተንፈሷን ራሷ ስትሰማው ደግሞ ከቅድሙ ይልቅ አፈረች።

በእረፍቱ ሰዓት ሰው ከአዳራሹ ውጭ ካለው ጠረጴዛ ትኩስ የፖም ጭማቂና ዶናት እያነሳ ቆሟል። ከርቲስ የእናቱን ካፖርት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና፣ እሷ ልትይዘው ስትል አምልጧት፣ ቀጥ ብሎ ሮዛሊንድ ዘንድ ሄደ።

"አታፍሪም?" አላት። "እናቴ እዚያ ተቀምጣ ነበር።"

ሮዛሊንድ ዞር ብላ ቨርናን ስታይ ኪንታሮቱን በእጇ ሸፈነችው።

"ወይዘሮ ሃስኬል" አለች። "መምጣትዎን አላወቅሁም። እኔማ… አርፈዋል ብለውኝ ነበር።"

አንዱ ጭማቂው ትን አለው።

"ብታርፍስ? የሞተ ሰው ይዋሽበታል?" አለ ከርቲስ። "እናቴ በዕድሜዋ የሰው ልጅ ነክታ አታውቅም።"

ከልቡ ነው ያለው። እሱ ልጅ ሳለ ከሰዓት ከሰዓቱን ከአባቱ ጋር ጋራዥ ነበር የሚውለው፤ እናቱም የፊት ክፍሉን በር ዘግታ ነበር የምታስተምረው። እዚያ ከቆሙት ውስጥ ግን ቢያንስ አራቱ ተማሪዎቿ ነበሩ። አራቱም መሬት መሬት አዩ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶሎሬስ የለበሰችውን የሌሊት ወፍ ክንፍ እየጎተተች መጣችና ነገሩን ለማብረድ ሞከረች። ጨዋታው ከነገው ትርኢት ይወጣል፣ ሮዛሊንድም ክፉ አስባ አይደለም አለች። ሮዛሊንድ ቀበል አድርጋ፣ አዎ ፈጠራ ነው፣ ሰው ለማሳቅ ብዬ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለች።

ለቨርና የቀራት ምንም አይደለም ማለት ብቻ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ሁሉም ያንን ሰምቶ ወደ ዶናቱ ሊመለስ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ዓይኗ የሮዛሊንድ እጆች ላይ አረፈ። አርባ አራት ዓመት የሞላት ሴት ጣቶቿን በእጅጌዋ ውስጥ ደብቃለች።

"ፈጠራ አይደለም" አለች ቨርና።

"እማዬ፣ ተይ እስቲ—"

"አንተ አታውቅም፣ ከርቲስ። እመታቸው ነበር።" ከዚያ ወደ ሮዛሊንድ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች። "ላስቲኩን ትተሽዋል።"

በአረንጓዴው ኪንታሮት ዙሪያ የሮዛሊንድ ፊት ቀላ።

"እሱ አያስቅም" አለች።

"አያስቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ያኔ ነበር ማለት የነበረብኝ።"

ሮዛሊንድ ምንም አይደለም አላለችም።

"ሴት ልጄ ፒያኖ ልማር ብላ ለምናኝ ነበር" አለች። "ሦስት ዓመት ለመነችኝ። እምቢ አልኳት።"

ይህን ብላ ወደ መድረኩ ጀርባ ገባች። ዶሎሬስ ክንፏን ስታስተካክል ቆየችና፣ ታዲያ ከነገው ትርኢት እናስወጣው ወይስ እናቅርበው ብላ ቨርናን ጠየቀቻት። ውሳኔው የእኔ አይደለም፣ እሷን ጠይቂያት አለች ቨርና።

ከርቲስ እናቱን ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዳት። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እኔ ደግሞ በሰው ፊት…" አለና ሳይጨርሰው ተወው። ከዚያ መኪናውን በጓሮው በር እንደሚያመጣላት፣ በዚያ ከወጣች በሰው መሀል ማለፍ እንደማይኖርባት ነገራት። ፊቷን ሳያይ ነው የነገራት።

ቨርና የጓሮውን በር አየችው። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። የሁለተኛው ክፍል ደወል ሲደወል ሰው እየተጋፋ መግባት ጀመረ፤ በአጠገቧ ሲያልፉ አንዳንዶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

"እኔ ትርኢቱን ልጨርስ ነው" አለችው። "አንተ ከፈለግህ መኪና ውስጥ ጠብቀኝ።"

ከርቲስ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆመ፤ ከዚያ ወጣ። ቨርና ብቻዋን በመሀለኛው መተላለፊያ ሄደች። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አየቻት፤ ከኋላም አንድ ሰው ስሟን በሹክሹክታ ሲናገር ሰማች። ሦስተኛው ረድፍ ደርሳ ካፖርቷን አወለቀችና በከርቲስ ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች።